የጋሽ ላምቤቦ ቲማቲም

ጋሽ ላምቤቦ ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ወደ ሥራ ስሄድ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ግሩፕ ላይ «ወንድማችን ጋሽ ላምቤቦ ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ለቅሶው ትሮይቪል አዳራሹ ውስጥ ነው» የሚል መልእክት ገባ። ቶኮዛ ሰፈር፣ በሚጠብቁት የዘመድ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበሉ ልባቸው ቀጥ አለ። እኚህ ሰው እኔ ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ እሳት ይፈሩ ነበር፣ ጥይት ይፈሩ ነበር፣ ፖሊስ ይፈሩ ነበር፣ ማናጀር ይፈሩ ነበር። ስለ ልባቸው ግን አንድም ቀን ሲጨነቁ አልሰማሁም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቲማቲማቸው ነበር።

«እንደዚያ ያለ ቲማቲም በዚህ አገር ቀምሼ አላውቅም» አሉ እትዬ አበበች፣ የሴቶች ኅብረት መሪያችን። «እጃቸው የተባረከ ነበር። እሑድ መጥቶ ያለ ሳጥን የገቡበትን ቀን አላስታውስም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺማ ምሕረት፣ አብረሻቸው ታበቅዪ አልነበር? ምን እያደረጋችሁ ነው እንደዚያ የሚያምርላችሁ?»

«በውሃ ነው የሚበቅለው፣ እትዬ» አልኩና አንገቴን ደፋሁ። ያዘነች መስዬ ነበር። አዝኜም ነበር፤ ያስደፋኝ ግን ሐዘኑ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ላምቤቦ በዚህ አገር አንዲት ቲማቲም አላበቀሉም። እኔም እንደዚሁ። ሁለታችን የምናበቅለው ካናቢስ ነበር።

በሕግ ነው ታዲያ። ለመድኃኒት የሚሆን፣ ፈቃድ ያለው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሦስት በር አልፈው የሚገቡበት ትልቅ የመስታወት ቤት። አፈር የለም፤ ሥሩ የሚቆመው ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነው። ፈቃዱ በፍሬም ተደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ላምቤቦ ግን በግድግዳው አልተማመኑም። የፈቃዱን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎች ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲመጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ኮፒውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። ፖሊሱ ሳቀ። እሳቸው ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚባለው ለእሳቸው የተተረተ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል እየቀለድኩባቸው አይደለም። እኔም ብሆን ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ፍርሃት የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ወረቀታችን ጊዜያዊ ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል፣ ለማደስም የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ማናጀሩ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ከገባ ቀኑን ሙሉ እሱን እየሸሸሁ እውላለሁ። እኔ ግን ፍርሃቴን እደብቅ ነበር። ጋሽ ላምቤቦ አይደብቁም።

የእሳቸውን ፍርሃት ቶኮዛ ነው ያስተማራቸው። ከሆሳዕና እንደመጡ፣ አገር ቤት የግብርና ባለሙያ ሆነው የሠሩበትን ሁሉ ትተው፣ እዚያ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍተው ነበር። አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ተነሣና የውጭ ሰው ሱቅ እየሰበረ መጣ። እሳቸው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ገብተው ተኙ። «ከላይ ሆኜ የገዛ ፍሪጄ ሲከፈት ሰማሁ» ይሉኝ ነበር። «ለስላሳዬን ሲጠጡ፣ ሲያገሱ ሰማሁ። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ እኮ፤ ደንበኞቼ ናቸው። ከዚያ ጭሱ ጀመረ።» ቆርቆሮውን በእግራቸው በርግደው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የትም ቢገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መውጫውን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይህ ፍርሃት ነው እንግዲህ ሥራቸው ላይ ሌላ ሰው ያደረጋቸው። ሌሎቻችን ቅጠሉ ሲደርቅ እናያለን። እሳቸው ሊደርቅ ሲያስብ ያያሉ።

ተክል ታመመ ሲባል ሮጠው አይነኩም። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፣ ዝም ብለው ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያሉ። ከዚያ የሁልጊዜ ጥያቄያቸውን ይጠይቁኛል።

«ቀድሞ የታመመው ማን ነው? ሽማግሌው ነው ሕፃኑ?»

ሽማግሌው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ሕፃኑ ከላይ ጫፉ ላይ የወጣው አዲሱ። ናይትሮጅን ሲጎድል አሮጌው ቅጠል የራሱን አውጥቶ ለአዲሱ ይልካል፤ ስለዚህ ከታች ነው ቢጫ መሆን የሚጀምረው። ፖታሲየም ከሆነ የአሮጌው ዳር ዳሩ የተለበለበ ይመስላል። ማግኒዥየም ከሆነ ደግሞ የአሮጌው ሥጋ ይገረጣና ጅማቱ አረንጓዴ ይቀራል። ብረትና ካልሲየም ግን እንደዚያ አይደሉም። አሮጌው ቅጠል ውስጥ አንዴ ከገቡ አይወጡም፤ ሲጎድሉ የሚታመመው ሕፃኑ ነው። «የእኛ አገር ሰው ቢጫ ባየ ቁጥር ዩሪያ ይላል» ይሉና ይስቃሉ። «አባቴም እንደዚያ ነበር። ቢጫው የቱ ጋ እንደጀመረ ሳትጠይቂ ማዳበሪያ መጨመር፣ ሆዱን ላመመው ሰው የራስ ምታት ክኒን መስጠት ነው።»

እንግዲህ ስለ ቲማቲሙ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው እሑድ አንድ ዲያቆን «የመስታወት ቤቱ ውስጥ ምንድን ነው የምታበቅሉት?» ብሎ ጠየቀን። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ላምቤቦ «ቲማቲም» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ያንን ተክል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመድኃኒት ነው፣ ፈቃድ አለው ብለሽ ብታስረጂ የሚሰማሽ የለም፤ ሐሺሽ ነው፣ አለቀ። ዲያቆኑ «እስኪ አምጡልንና እንቅመሰው» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ላምቤቦ ፎርድስበርግ ገበያ ሄደው አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዙ። ታክሲ ውስጥ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በእያንዳንዷ ቲማቲም ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በጥፍራቸው እየላጡ ሲያነሱ አየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው» አልኳቸው።

«ውሸት ነው» አሉ፣ መላጡን ሳያቆሙ። «አውቃለሁ። በጸሎት ይዤዋለሁ። አንቺ በዚያ በኩል ያሉትን ላጪ።»

ላጥኩ። ሁለታችን በየሳምንቱ ስንልጥ ኖርን።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ።

ተክሉ የሚቆምበት ውሃ ትንሽ ኮምጠጥ ማለት አለበት። ካልኮመጠጠ ማዳበሪያው ውሃው ውስጥ እያለ ሥሩ አይቀበለውም፤ ጋሽ ላምቤቦ «አፏ ተዘጋ» ይሉት ነበር። ይህንን የምንለካበት እንደ ብዕር ያለ መሣሪያ አለ። በየጠዋቱ የምለካው እኔ ነኝ። የመሣሪያው ጫፍ መስታወት ነው፤ መድረቅ የለበትም፤ ኮፍያው ውስጥ ልዩ ፈሳሽ ተደርጎበት ነው የሚቀመጠው። አንድ ሰሞን ፈሳሹ አለቀ። ጋሽ ላምቤቦ ወደ ሌላ ክፍል እየተጣደፉ «እስኪገዛ ትንሽ የታንክ ውሃ አድርጊበት» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን ላይ ምን እንደማደርግ አልገባኝም ነበር። ግን እሺ ብያለሁ፤ እሺ ካልኩ በኋላ ተመልሼ «ምን ነበር ያሉኝ?» ማለት ሞት መሰለኝ። እኛ እንደዚህ ነን፤ ከመጠየቅ እሺ ብሎ መሳሳት ይቀለናል። ስለዚህ እናቴ ዕቃ እንደምታስቀምጥ አደረግኩት። በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቅኩት፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛሁት። በየቀኑ፣ ሦስት ሳምንት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ክፍል ሦስት ስንገባ አዲሶቹ ቅጠሎች በሙሉ ቢጫ ነበሩ። ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ። ማናጀሩ መጣ፤ ፊቱ ቀላ። ማዳበሪያ የምትበጠብጠውን ታንዲን አስጠራት። ታንዲ የሶዌቶ ሴት ናት፣ ሦስት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፤ ጋሽ ላምቤቦን ስታይ «ሳውቦና ባባ» ብላ እንደ አባት ሰላም የምትል፣ እሳቸውም «ዬቦ ሲሲ» ብለው እንደ እህት የሚመልሱላት።

«ብረቱን አልጨመርሽበትም» አላት ማናጀሩ።

«ጨምሬያለሁ» አለች።

«እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

ታንዲ አላለቀሰችም። እጇን በሽርጧ ስትጠርግ፣ ስትጠርግ ቆየች። እኔ ገና ምክንያቱን አላውቅም፤ ሆዴ ግን አውቆት ነበር።

ጋሽ ላምቤቦ በሩ ላይ ቆመው አዩ። «ሕፃኑ ነው የታመመው» አሉ ለራሳቸው። «ብረት ነው።» ወደ ታንኩ ሄደው በጠራ ብርጭቆ ውሃ ቀዱ፤ ብረቱ ቀይ ቀለሙን ሰጥቶት ይታያል። ታንዲ አልዋሸችም። እንግዲህ አፏ ተዘግቷል ማለት ነው። መለኪያውን ከእጄ ወስደው ነከሩት፤ ልክ የሚፈለገውን ቁጥር አሳየ። አላመኑትም። ከመሳቢያ ማንም የማይጠቀምባትን አሮጌ የጠብታ ጠርሙስ አወጡ። ጥሩ ውሃ ከሆነ ጠብታው ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ሆነ።

መለኪያውን ገልብጠው ጫፉን አዩት። ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቶ ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝና ወደ ማዳበሪያው መጋዘን ገቡ። ተከተልኳቸው።

«በምን ታስቀምጪዋለሽ?»

«አጥቤ… በፎጣ አድርቄ።»

«የታንክ ውሃ አድርጊበት አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። አልገባኝም ነበር።»

«እና ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሁለቴ መጠየቅ አሳፈረኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀመጡና ግንባራቸውን ያዙ። «እኔስ?» አሉ። «ማናጀሩን ፈሳሹ አልቋል፣ ግዛ ማለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈራሁ። ደብዳቤዬን በወሩ መጨረሻ እፈርምልሃለሁ ብሎኛል፤ ከዚያ በፊት እንዳላስቆጣው ብዬ። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ…» መለኪያውን አነሡት። «ይኸው፣ የሁለት ፈሪ ሥራ።»

የሚቀጥለውን መጻፍ ያሳፍረኛል። «ጋሼ፣ መለኪያው በራሱ ተበላሸ ብንልስ?» አልኩ።

«ተበላሸ ካልን ቁጣው የት ይሄዳል? ከታንዲ ላይ አይነሣም። የሚያባርረው ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ናት እጁ ላይ ያለችው።» ተነሡ። እጃቸው ውስጥ መለኪያው ከኮፍያው ጋር ሲጋጭ ይሰማል።

«ትንሽ ይረጋጉና ይግቡ» አልኳቸው።

«እስኪለቀኝ ብጠብቅ የሚለቀኝ መሰለሽ? ከቶኮዛ ጀምሮ ለቆኝ አያውቅም። ፈርቼ ነው የምገባው።»

የማናጀሩ ቢሮ ግድግዳው መስታወት ነው። ከውጭ ሆኜ አየሁ። መለኪያውን ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደምንሰጥ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ድምፁ አይሰማም፤ የማናጀሩ አፍ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጋሽ ላምቤቦ በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ፤ እኔ ነኝ ማለታቸው ነበር። ወደ እኔ በኩል አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም። ማናጀሩ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ደብዳቤያቸው ነበር። ከቆምኩበት እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ ነው። ማንም አልያዘኝም። አልገባሁም።

ታንዲ ሥራዋ ላይ ቀረች። እኔም ቀረሁ። ጋሽ ላምቤቦ ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ክፍል ሦስት ተመልሰው ውሃውን ራሳቸው አስተካከሉት፤ ጠብታው ቢጫ እስኪሆን ድረስ ቆመው አዩ። «ከእንግዲህ የሚወጣው ቅጠል ደህና ይሆናል» አሉኝ። በሳምንቱ እንዳሉት ሆነ።

ያለ ደብዳቤ የትም የሚቀጥራቸው አላገኙም። ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም ይባላል፤ ለእሳቸው ግን ሜዳም አልተገኘላቸውም፤ የዘመድ ሱቅ ሊጠብቁ ያንኑ ቶኮዛ ተመለሱ። ወረቀታቸውን ለማደስ በየሰልፉ ሲንከራተቱ እሰማ ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖሩ። እናም በየእሑዱ የቲማቲም ሳጥን ተሸክመው ይመጡ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ደጅ ላይ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ አሁን ምን ያደርግልዎታል? እርስዎ እኮ ወጥተዋል።»

«አንቺ እዚያው ነሽ አይደል?» አሉኝ፣ ሳጥኑን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እያዛወሩ። «ቲማቲሙ ከቀረ ምን ሆነ ይላሉ። ጥያቄው ወደ አንቺ ይዞራል።» ከቶኮዛ ፎርድስበርግ፣ ከፎርድስበርግ ትሮይቪል። እዚያ ድረስ በሦስት ታክሲ፣ ያችን ትንሽ ወረቀት እየላጡ፣ ለእኔ። ጌታ ይባርክዎ ብዬ ገባሁ። ከዚያ በላይ ያልኩት የለም።

ስለ ታንዲ ግን ያላሰብኩት ነበር። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ሻሿን አሥራ፣ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ማን ነገራት? ምን ልትል ነው? እትዬ አበበች እጇን ይዘው አስገቧት፣ አጠገቤ አስቀመጧት። በእነ ታንዲ አገር ወግ አብሮ የሠራ ሰው ስለ ሟች ቆሞ ይናገራል። ትንሽ ቆይታ ተነሣች፤ በእንግሊዝኛና በዙሉ እየደባለቀች ጀመረች። ልጆቹ ቋንቋውን ይሰማሉ፤ ትልልቆቹ አይሰሙም።

«ተርጉሚልን እንጂ» አሉኝ እትዬ አበበች።

ተነሣሁ።

«ይህ ባባ ተክል ማየት አስተማረኝ» አለች ታንዲ። ተረጎምኩ። እስከዚያ ድረስ ቀላል ነበር።

«አንድ ቀን በእሱ ስህተት ከሥራ ልባረር ነበር» አለች ቀጥላ። «ግን ራሱ ገብቶ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። በዚህ ከተማ ስህተቱን ያመነ ሌላ ወንድ አላየሁም።» እንባዋን ጠርጋ እጇን ዘርግታልኝ ወደ እኔ ዞረች፤ ተራዬን ጠበቀች።

አዳራሹ ሁሉ እኔን ያያል። በእሱ ስህተት። እንዲሁ ብተረጉመው ያልፋል፤ ሰው አሜን ይላል፤ እሳቸውም የተሳሳቱ ሆነው ይቀበራሉ። መውጫውን ፈለግኩ፤ የእሳቸው ልማድ ተጋብቶብኝ። እስኪለቀኝ ልጠብቅ አልኩ፤ ከዚያ እንደማይለቀኝ ገባኝ።

መጀመሪያ በእሷ ቋንቋ ለእሷ ነገርኳት። «ታንዲ፣ መለኪያውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ባባ ስሜን አልጠራም እንጂ ያውቅ ነበር።» ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ የዘረጋችልኝን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሬ በአማርኛ ተናገርኩ። ስለ መለኪያው ተናገርኩ። ስለ መስታወቱ ግድግዳ ተናገርኩ። ያበቀልነው ቲማቲም አልነበረም፣ ካናቢስ ነበር፣ አሁንም እዚያው እሠራለሁ አልኩ። ቲማቲሙን ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከሙት እኔን ለመሸፈን ነው አልኩ። ድምፄ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻውን እኔም በቅጡ አልሰማሁትም።

እትዬ አበበች እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት አዘነበሉ።

«አልሰማንሽም ልጄ» አሉ። «እስኪ ድገሚው።»

ደገምኩት።